ያቺን የፈረንሳይ ታንክ ያለሰለስንበት ጥቅምት

ባለፈው እሑድ የጓደኛዬ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበርና፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ ካለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ተርሚኒ፣ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። የሮምን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለወገብ ግን ጠላት ነው። ከፊቴ አንድ ቀጭን ወጣት ቆሞ ማሪቶዞ ይበላል። ማሪቶዞ እዚህ አገር ጠዋት ጠዋት የሚበላ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ በክሬም የተሞላ ለስላሳ ዳቦ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሊገምጥ ሲል አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ክሬሙ አፉን ስቶ አፍንጫውና ቅንድቡ ላይ ተለጠፈ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ልጁ ራሱም ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን አልቆም አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «ሲኞራ፣ ደህና ነዎት?» እስኪሉኝ ድረስ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? በወጣትነቴ አንድ የጥቅምት ወር ሙሉ ስለፋበት የነበረው ሥራ ይኸው ነበር፤ ሰው ሲጓዝ እንዳይንገጫገጭ ማድረግ። ያውም በአውቶቡስ ላይ ሳይሆን በታንክ ላይ።

ሮም ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያመጣችኝ አክስቴ ነች። ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ለእኔም እዚያው አካባቢ የሁለት ሕፃናት ሞግዚትነት አገኘችልኝ። እኔ ግን ያደግሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ የሚጠግኑበት ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። ከፈረንሳይ መነኮሳት ትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን አውልቄ ቱታ እለብስና ከመኪና ሥር እገባለሁ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ጠዋት ፈረንሳይኛ፣ ከሰዓት ግራሶ ትማራለች» ትል ነበር፤ እየኮራች ይሁን እያዘነች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያኔ በሮም የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓት ነበር። አንድ ሐሙስ አክስቴን ተከትዬ በቱስኮላና መንገድ ጫፍ የምትኖር ዘመዳችንን ልንጠይቅ ሄድን። ዛሬ ያ አካባቢ የገበያ አዳራሽና ፎቅ ነው፤ ከአገራችንና ከጎረቤቶቻችን የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ሰላም ፓላስም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያኔ ግን ወይንና በግ ነበር። በመንገዳችን ላይ አንድ ሰፊ ግቢ አየሁ። በአጥሩ ውስጥ የጥንት ሮማውያን ሠረገላ ቆሟል፤ ከጎኑ የወታደር ጭነት መኪና፣ ከእሱ ጎን ጥቁር የቀብር ጋሪ። ለፊልም ሠሪዎች ማንኛውንም ባለ ጎማ ነገር የሚያከራይ ጋራዥ ነበር። እግሬ ራሱ ገባ።

ባለቤቱ ሲኞር ኦሬስቴ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። ስድሳ ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ሆዳቸው የሚቀድማቸው፣ ድምፃቸው እንደ አትክልት ነጋዴ የሰላ ሰው ነበሩ። ሥራ እንደምፈልግ ልንገራቸው ብል ቃሉ የለኝም። ዞር ዞር ብዬ መሬት ላይ የወደቀ ብሎን መፍቻ አነሳሁና የማውቀውን ስም ጠራሁ፦ «ካቻቪቴ።» ሲኞር ኦሬስቴ ቅንድባቸውን አነሡ። ቀጠልኩ፤ በጣቴ እያሳየሁ «ፒንሳ። ዳዶ። ኩሽኔታ። ሞላ። ባሌስትራ። ካምቢዮ።» ሰውዬው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ደግሞ የምሆነውን አጣሁ። እነዚህን ቃላት እስከዚያች ቀን ድረስ ጥርት ያለ የአባቴ ጋራዥ አማርኛ ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። በጣልያንኛ ዳቦ መግዛት የማልችል ሴት፣ በጣልያንኛ አንድ ጭነት መኪና ሙሉ በሙሉ መፍታት እችል ነበር።

ሲኞር ኦሬስቴ ቀጠሩኝ፤ ፔርሜሶዬም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሳቸው የሥራ ውል ተዘዋወረ። አክስቴ ለሳምንታት አኮረፈችኝ። «እግዚአብሔር ከግራሶ አውጥቶ ፓሪዮሊ ያስገባውን ሰው፣ ተመልሶ ግራሶ ውስጥ ሲዘፈቅ አይቼ አላውቅም» አለች። ስሜን ሶስና ማለት ያቃታቸው ሲኞር ኦሬስቴ ሱዛና ይሉኛል። ባለቤታቸው ሲኞራ ፒና ምሳ ያመጡልናል። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሥጋም አይብም እንደማልነካ ሲያውቁ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «ምስኪን ልጅ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በጾም ቀን ሽምብራ በሮዝመሪ ከፓስታ ጋር እየቀቀሉ ያመጡልኝ ጀመር። ያን የሽምብራ ሾርባ ዛሬም በጾም እሠራዋለሁ።

ታንኪቱ የመጣችው በመስከረም መጨረሻ ነው። አንድ የጦርነት ፊልም ሊሠራ ነበርና ዳይሬክተሩ እውነተኛ የፈረንሳይ ብረት ለበስ ካላገኘሁ ብለው፣ ከፈረንሳይ ገጠር ከአንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ተዋሱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለፈረሰኛ ጦራቸው የሠሯት ቀላል ብረት ለበስ ነበረች፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከአንድ ትልቅ በሬ ብዙም የማትበልጥ። በአማርኛ «ታንኳ» ብንላት ያምርባት ነበር፤ እንደ ታንኳ ትወዛወዛለችና።

ባለቤቷ አብረዋት መጡ። ስማቸው አርማን ነው። አዲስ አበባ እያለን ፈረንሳዩን ሁሉ «ሙሴ» እንል ስለነበር እኔም ሙሴ አርማን አልኳቸው። «መስዩ ነው የሚባለው» ብለው ሊያርሙኝ ሞከሩ። «በእኛ አገር ሙሴ ነው፤ ነቢይም ነው» ብላቸው ተዉት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ነበሩ። ወገባቸውን በሰፊ የቆዳ ቀበቶ ታጥቀው፣ በርጩማ ላይ እንደ መሰላል ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። በወጣትነታቸው እንዲህ ዓይነቷን ብረት ለበስ የነዱ ወታደር ነበሩ፤ ወገባቸውን የሰበረችውም እሷው ነች። ሐኪማቸው ዳግመኛ እንዳይሳፈሩባት ከልክሏቸዋል። ሆኖም አንዷን የአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ሲያገኟት ገዝተው ዓመታት ሙሉ ሲያድኗት ኖሩ። ወገቡን ለሰበረው ነገር እንዲህ የሚሳሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃል አስገቡን፦ አካሏ ላይ አንድ ቀዳዳ አይበሳም፣ ብየዳ አይነካትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ተዋናዩ ከላይ በቱሬቷ፣ መትረየሱ ባለባት ክብ ማማ፣ ቆሞ፣ ታንኪቱ በታረሰ ማሳ ስታልፍ፣ ዳር ለቆመች እጮኛው «ጠብቂኝ፣ ወይን ሲለቀም እመለሳለሁ» ማለት ነበረበት። «ጠ-ጠ-ጠብ» አለና ምላሱን ነከሰ። ደም ወጣ። ባርኔጣውን አፈር ላይ ወርውሮ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ሲኞር ኦሬስቴን ጠርተው በቀዝቃዛ ድምፅ ተናገሩ፦ «ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ካላለሰለሳችኋት፣ የዚህን ፊልም ተሽከርካሪዎች ሁሉ ሌላ ጋራዥ ይወስዳቸዋል።»

ሲኞር ኦሬስቴ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ከበሽታ ውጭ እንዲህ ሲያደርጉ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «አሎራ፣ እንግዲህ ሱዛና» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ ፊልም ከሄደብኝ በሩን ዘግቼ ፍራስካቲ ወንድሜ ዘንድ ወይን ልቆርጥ ነው።» እሳቸው ወይን ሊቆርጡ ይችላሉ። እኔ ግን ያለ ውል ፔርሜሶዬ አይታደስም፤ ወደ ፓሪዮሊ ሞግዚትነት፣ ወይ ከዚያ ወደባሰ ነገር መመለሴ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ታንኪቱን በግንድ ላይ አንሥተን ሥሯ ገባን።

ነገሩ ቀላል ነው። በየጎኗ አራት አራት ትንንሽ ጎማዎች አሏት፤ የብረት ሰንሰለቱ በእነሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። የመካከለኞቹ ሁለት ጎማዎች እንደ መቀስ ተጣምረው በመካከላቸው ሞላ፣ ማለት ስፕሪንግ፣ አለ፤ የፊቱና የኋላውም የየራሳቸው ሞላ አላቸው። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ የተያያዘበት ክንድ ሞላውን ይጫነዋል፤ ሞላውም ምቱን ይውጠዋል ተብሎ ነበር። አልዋጠውም። ይተፋዋል።

በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ከታንኪቱ ሥራ ይልቅ ይሄ ያደክም ነበር። ሲኞር ኦሬስቴ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ያመጣልን ታንክ ሳይሆን ቡና መፍጫ ነው» ይላሉ። እኔ በፈረንሳይኛ «ሲኞር ኦሬስቴ ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ የድሮ ዕቃ ነው ይላሉ» እላለሁ። ሙሴ አርማን ራሳቸውን ነቅንቀው «ለእኚህ ጌታ ብረት ሲመቱ ሥጋ የሚከትፉ እንደሚመስሉ ንገሪያቸው» ይላሉ። እኔ «ክንድዎ ብርቱ ነው ይላሉ» እላለሁ። ሲኞር ኦሬስቴ ደስ ብሏቸው ይበልጥ ይመታሉ። ሙሴ አርማን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

በመጀመሪያ ሲኞር ኦሬስቴ ሞላዎቹን በወፍራም ሞላ እንተካ አሉ። ተካን። ከሁላችንም ቀጭኗ እኔ ስለነበርኩ ከላይ የምቆመው እኔ ሆንኩ፤ ሲኞር ኦሬስቴ ከታች ይነዳሉ። ለመግባት ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ማጠፍ ነበረባቸው፤ ለመውጣት ደግሞ እኛ እንጎትታቸዋለን። መንገጫገጯ ከሩቅ እንዲሰማ አንድ ነገር መጮህ ነበረብኝና ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። «ሀ፣ ሁ» አልኩ፣ «ሂ» ላይ ስደርስ ራሴ ከቱሬቷ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ወፍራሙ ሞላ ከቀጭኑ ባሰ፤ ታንኪቱ እንደ ፍየል ትዘል ጀመር። ሲኞራ ፒና ግንባሬን በረዶ እያስያዙ ባላቸውን ሲሰድቡ ትርጉም አላስፈለገም።

ቀጥሎ የእኔ ሐሳብ ተራ ደረሰ። አባቴ አንዳንዴ በተሰበረ ባሌስትራ መካከል የጎማ ቁራጭ ይከቱ ነበር። አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆራርጠን በሞላዎቹ ቦታ ጠቀጠቅን። በዚህኛው «ሀ»ን በሙሉ፣ «ለ»ንም በሙሉ ጨረስኩ። ማሳው ዳር ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። «ሐ» ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ጎማው ክብደቱ ሲጫነው እንደ ቦካ ሊጥ ወደ ጎን ፈስሶ ወጥቷል፤ ታንኪቱ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ ቀረች። ከሰዓቱን ሙሉ በትራክተር ስንጎትታት ዋልን።

ያን ቀን ሁላችንም እሳት ዳር ተቀመጥን። የጥቅምት ፀሐይ ሮም ላይ እንደ ማር ነው፤ ከሩቅ የወይን ጭማቂ ይሸታል፤ ሲኞራ ፒና ካስታኛ የሚሉትን ቡናማ ፍሬ በቀዳዳ መጥበሻ ይጠብሳሉ። ሙሴ አርማን ፍሬውን እየላጡ ብዙ ካሰቡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኋላ ላይ ፋብሪካው ራሱ ሞላውን ትቶታል» አሉ ቀስ ብለው። «ከእኛ በኋላ የመጣችው ሞዴል በሞላ ፈንታ ወፋፍራም የጎማ ቀለበቶች ነበሯት፤ በአግድም ዘንግ ላይ እንደ ዶቃ የተሰኩ። ጎረቤታችን የነበረው ጦር እሷን ነበር የሚነዳው። እነሱ እየተጓዙ ሲጋራ ይጠቀልሉ ነበር። እኛ ጥርሳችንን እንቆጥር ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልነገሩንም?»

«ይህች ታንክ እንደተወለደች እንድትኖር ስለፈለግሁ ነው።» የፍሬውን ልጣጭ እሳቱ ውስጥ ጣሉ። «ግን ቀዳዳ ካልተበሳባት፣ ብየዳ ካልነካት… ይሁን። ቀለበቱን ግን ከየት እናመጣለን?»

እኔም አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ተርሚኒ አጠገብ ወደ ነበረችው የሀበሻ ቡና ቤት ሄድኩ። ያኔ እንደ ዛሬው በየጥጉ የእኛ ምግብ ቤትና ሱቅ አልነበረም፤ ሁላችንም እዚያች አንዲት ጠባብ ቤት ነበር የምንገናኘው። እናቱ የአስመራ ሰው፣ አባቱ ጣልያን የሆነ ዮሐንስ የሚባል ልጅ ነበር፤ ከጣቢያው ወዲያ ባለው ግቢ የባቡር ፉርጎ ይጠግናል። በዓይን እንተዋወቃለን እንጂ ተነጋግረን አናውቅም።

«ታንክ የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ» አለኝ።

«አልሠራም። አለሰልሳለሁ።»

«ታንክ ለስልሶ ምን ሊሆን?»

«ተዋናይ ፍቅሩን ሊገልጽበት።»

ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን የሊጡን ታሪክ ስነግረው ሳቁን አቁሞ በደንብ አዳመጠኝ። «ጎማ ብቻውን ከሆነ እኮ ይፈስሳል» አለ። «ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ሲጋጭ ግጭቱን የሚቀበለው ምን ይመስልሻል? የጎማ ቀለበት ነው። ግን በየቀለበቱ መካከል የብረት ሳህን አለ። ቀለበት፣ ሳህን፣ ቀለበት፣ ሳህን። ሳህኑ ጎማውን ይይዘዋል።» አለቃውን አስፈቅዶ ከተጣሉ ፉርጎዎች የወጡትን ሊሰጠኝ ቃል ገባ።

በማግስቱ ማምሻውን አክስቴ የምትሠራበት ቤት በር ላይ መጣ፤ እኔ የማድረው ከእሷ ጋር ነበር። በሁለት ክንዱ ለግዙፍ ሴት የተሠሩ አምባሮች የሚመስሉ ጥቁር ቀለበቶች ደርድሯል፤ በትራም ሙሉውን መንገድ እንዲያ ይዟቸው ነው የመጣው። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «የሰው ልጅ አበባ ይዞ ይመጣል» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ስጦታ አልተሰጠኝም።

ከዚያ ወዲያ ጋራዡ ሌላ ሆነ። ሲኞር ኦሬስቴ ዘንጎቹን በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ አወጡ፤ እውነቴን ነው፣ ያ ሁሉ ጩኸታቸው ቶርኖው ፊት ሲቆሙ ይጠፋና እንደ ሐር ጠላፊ ይሆናሉ። እኔ ቀለበቱንና ሳህኑን በዘንጉ ላይ እሰካለሁ። ሙሴ አርማን ዘንጎቹ በዱሮዎቹ ብሎኖች ብቻ እንዲታሰሩ፣ ሌላ ምንም እንዳይነካ ይቆጣጠራሉ። አጥብቀን ስናስር ታንኪቱ ደረቅ ትሆናለች፤ ስናላላት ትንኳኳለች። ጥቂት አጥብቆ፣ ነድቶ፣ መልሶ ማላላት፤ ፊደሌ «መ» ደረሰ፣ «ሠ» ደረሰ። የጋራዡ ሰዎች «ሀ ሁ ሂ» እያሉ ሰላምታ ይለዋወጡ ጀመር። በምዕራብ በኩል ደመናው እየከበደ ነበር።

ቀረጻው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ሙከራ ልናደርግ ማሳው ዳር ቆምን። ሲኞር ኦሬስቴ ወደ መግቢያዋ ቀዳዳ አዩ፤ ወደ ሆዳቸው አዩ፤ ከዚያም በርጩማቸው ላይ ቀጥ ብለው ወደ ተቀመጡት ሙሴ አርማን አዩ።

«ሱዛና፣ ንገሪው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «እሱ ይንዳት። የእሱ ነች።»

ይህን ቃል ለውጬ መተርጎም አላስፈለገኝም። ሙሴ አርማን ግን ገና ሳልጨርስ ቆመው ነበር።

«ሐኪምዎስ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ሐኪሜ የከለከለኝ የድሮዋን ነው» አሉ።

ቀበቷቸውን አጥብቀው ቀስ ብለው ገቡ። እኔ ከላይ ቆምኩ። ከላይ የሚቆመው ሰው ለነጂው መንገዱን የሚነግረው በእግሩ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ካልጮኹ በቀር በሞተሩ ድምፅ ንግግር አይሰማም። ወደ ግራ ከሆነ የግራ ትከሻውን፣ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኙን መጫን ነው። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ እግሬ ትከሻቸውን ነካ አደረግሁ። «ጠንከር አድርጊው!» ብለው ጮኹ ከታች። «ጓደኛዬ አርባ አምስት ቁጥር ነበር የሚጫማው!»

ሄድን። ማሳው ያው ማሳ ነው፤ ጉብታውም ቦዩም ያው ነው። ከሥራችን መሬቱ ሲነሣና ሲወርድ አየዋለሁ፤ እኛ ግን እንደ ሕፃን አልጋ ዝም ብለን እንወዛወዛለን እንጂ አንናጥም። ፊደሌን ጀመርኩ። «ሀ» አለቀ፣ «መ» አለቀ፣ «ረ» አለቀ፣ «ቀ» አለቀ። ዳር ሆነው ባርኔጣ የሚያውለበልቡትን ሲኞር ኦሬስቴን አለፍናቸው። «ፐ» ላይ ስደርስ የማሳው ጫፍ ላይ ነበርን፤ ሞተሩ ቆመ።

ከታች ድምፅ አልሰማ ስል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሙሴ አርማን ሁለት እጃቸውን በመሪው ዘንግ ላይ አድርገው ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን ፈገግ ብለዋል።

«ያመዎታል?» አልኩ።

«አያመኝም፤ ምንም አላመመኝም።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ከላይ የሚቆመው ጓደኛዬ ዘፋኝ ነበር። ስናፈገፍግ መንገዱን ሙሉ ሊዘፍንልኝ ይሞክራል፤ እያንዳንዷ ቃል ግን ትሰባበራለች። ‹አንድ ቀን አንዲት ስንኝ ሳትሰበር ብሰማ ስለቴ ደረሰ› ይለኝ ነበር። ከጦርነቱ ተርፎ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ። ባለፈው ክረምት አልጋው ላይ፣ በልጆቹ መካከል ሞተ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን የዘፈንሽው ምንድን ነው?»

«ዘፈን አይደለም፤ የእኛ ፊደል ነው።»

«አንዲትም አልተሰበረች» አሉ።

የቀረጻው ዕለት ሁላችንም ንጹሕ ልብስ ለብሰን መጣን፤ አክስቴና ዮሐንስም ጭምር። ተዋናዩ እያቅማማ ወጣ፤ «ጠብቂኝ፣ ወይን ሲለቀም እመለሳለሁ» የሚለውን ያለ አንድ እንከን ተናገረ። አጨበጨብን። ዳይሬክተሩ ግን ፊታቸውን አኮማትረው «አይሆንም» አሉ። «በጣም ለሰለሰች። ሰውዬው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ጦርነት አይመስልም።» ከዚያም ካሜራ የያዘውን ሰው «አንተ ካሜራውን ነቅንቀው!» ብለው አዘዙት።

ሲኞር ኦሬስቴ ፊታቸው ቀልቶ አፋቸውን ከፈቱ። የቀደሟቸው ግን ሙሴ አርማን ናቸው። ከርጩማቸው ተነሥተው፣ ቀበቷቸውን ይዘው፣ ጥርት ባለ ጣልያንኛ፦ «ይህች ቡና መፍጫ ነበረች! እኛ አልጋ አደረግናት! ካሜራውን ከምታስነቀንቅ ራስህን ነቅንቅ!» ብለው ጮኹ።

ሲኞር ኦሬስቴ ቀስ ብለው ዞሩ። «ጣልያንኛ ትችላለህ እንዴ?»

«እናቴ ከድንበር አካባቢ ናት።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ… ሁሉንም ትሰማ ነበር?»

«ሁሉንም» አሉ ሙሴ አርማን፤ ወደ እኔም እጃቸውን ዘረጉ። «ግን የዚህች ልጅ ትርጉም ከአንተ ንግግር ስለሚሻል በእሱ መሥራት መረጥኩ።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላስታውስም። ሲኞር ኦሬስቴ ሙሴ አርማንን አቅፈው ሊያነሷቸው ሲሉ ሁላችንም «ወገቡ! ወገቡ!» ብለን ጮኽን። ዳይሬክተሩ ካሜራውን አስነቀነቁ፤ ፊልሙ አለቀ፤ በማግስቱ ዝናቡ ገባ። ጋራዡ ሥራው ሳይቀርበት፣ የእኔም ፔርሜሶ ሳይቋረጥ ቀረ። ሙሴ አርማን ሊሄዱ ሲሉ ሲኞር ኦሬስቴ የዱሮዎቹን ሞላዎች መልሰን እንግጠም አሏቸው። ሙሴ አርማን ሞላዎቹን በሣጥን አድርገው መኪናቸው ላይ ጫኑ፤ ታንኪቱን ግን «እንዲሁ ትሁን» አሉ። ዮሐንስና እኔ በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። ሠርጋችን ላይ ሲኞር ኦሬስቴ ለሙሴ አርማን፣ ሙሴ አርማን ለሲኞር ኦሬስቴ ሲጮኹ መሐላቸው የሚገባ አስተርጓሚ አልነበረም፤ አላስፈለጋቸውምም።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ታንኪቱ ግን አለች። በዚህ ዓመት በጸደይ ልጄ ለሥራ ፈረንሳይ ሄዳ ነበር። ሙሴ አርማን ከመሞታቸው በፊት ታንኪቱን ለሰፈራቸው ትንሽ ሙዚየም እንደሰጡ ስለማውቅ «ካገኘሻት ፎቶ አንሺልኝ» ብያት ነበር። ከዚያ ደወለችልኝ፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። አስጎብኚው ለጎብኚዎች ሲያስረዳ «በሚያሳዝን ሁኔታ ከሥሯ ያለው ጎማ ኦሪጂናል አይደለም፤ ማን እንዳስገባውም አይታወቅም» ሲል ሰምታ «እናቴ ናት» ብላዋለች። ሰውዬው የቀለደች መስሎት ነበር። ስልኩን ሰጠችው።

ፈረንሳይኛዬ ዝጓል፤ ሆኖም ቀለበቱን፣ ሳህኑን፣ ባቡሩን ነገርኩት። አስጎብኚው በጣም ደስ አለው፤ በየዓመቱ በበዓላቸው ቀን ሕፃናት እንደሚሳፈሩባትና እንደማትነቀንቃቸው ነገረኝ። ከዚያ ትንሽ አመንትቶ ጠየቀኝ፦ «ማዳም፣ ጎማው እንዳይደርቅ ምን ዘይት ልቀባው?»

«ምንም» አልኩት። «ጎማ ዘይት አይወድም። አልፎ አልፎ ንዷት፤ ሥራ ካላስፈታችኋት አትደርቅም።»

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ከሳሎን «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የሥራ ጉዳይ ነው» አልኩት። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ግን በሌላ አገር፣ በማላውቃቸው ሕፃናት ሥር፣ እጄ የሰካቸው ቀለበቶች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የዋሸሁት አይመስለኝም።